ያለፈና ያለፈች

ቤታችን ለሞት የተሰናዳ ቤት ነበር፤ የተሰናዳነው ግን ለእኔ ሞት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ግራ ጡቴን ቆርጠው፣ ኬሞውን ሰጥተው፣ በጨረር አቃጥለው ወደ ዲላ ከመለሱኝ ጊዜ አንስቶ ባለቤቴ ጌታቸው ሚስቱ የሞተችበት ሰው መሆንን ይለማመድ ጀመር። ሽሮ መሥራት ተማረ። የመጀመሪያውን ሽሮ ጎረቤታችን ዘይነባ ቀመሰችና፣ «ይሄ ለግድግዳ መምረጊያ ነው፤ ክረምት ሳይገባ አስቀምጡት» አለች። የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ተማረ። የዶሮዎቹን ጥሬ የማስቀምጥበትን ቦታ እንኳ አጥንቶ ያዘ። እኔም በበኩሌ ሥራ አልፈታሁም። የትኛው ነጠላዬ ለየትኛዋ እህቴ እንደሚሆን ጽፌ አኖርኩ። በለቅሶዬ ቀን የሚሰቀለውን ፎቶ ሳይቀር መርጬ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር አስመታሁ። ፎቶው ላይ ገና ሁለት ጡት ነበረኝ፤ ሰው ሙሉ ሆና ሄደች ይበለኝ ብዬ ነው።

ከዚያ እሱ ቀደመኝ።

አሪቻ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ሰኞ ሄዶ ዓርብ ማታ ይመለሳል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በማድረቂያ አልጋዎቹ መካከል እየሄደ ሳለ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። «ምንም ሳይታመም እኮ ነው!» አሉኝ። ይህን ያላለኝ ለቅሶ ደራሽ የለም። ለእኔ በተመታው ምስማር ላይ የእሱ ፎቶ ተሰቀለ። ሽሮ የሚሠራው ሰው ሄዶ፣ በተንከባካቢ ብዛት ሽሮ መሥራት የረሳሁት እኔ ቀረሁ። ለዝናብ ጃንጥላ ገዝቶ በፀሐይ የተመታ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ።

በዝግታ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ተመልሼ ራሴን አርማለሁ። ደግሞም ልነግራችሁ የተነሣሁት ስለ ሞቴ ነው። የእኔ ሞት በመጨረሻ መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን በሰዋስው ስሕተት ነው።

ነገሩ ከዓይኔ ጀመረ። ጌታቸው ከሞተ ወዲህ ቀኝ ዓይኔ በጭጋግ ተሸፈነ፤ ግራው ደግሞ ወንድሙን ሊከተል ዳር ዳር ይል ነበር። ያለቀስኩበት መስሎኝ ዝም አልኩ። እንባ ያመጣው ነገር እንባው ሲያልቅ ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። እንባውም አላለቀ፣ ዓይኑም አልጠራ። በሻይ ውስጥ ጨው ጨመርኩ። ጓሮ የቆመውን እንሰት ሦስት ቀን ሙሉ «እንደምን አመሸህ» ስለው ከርሜ፣ በአራተኛው ቀን መልስ ባለመስጠቱ ተቀየምኩት። ይህ ሁሉ ይሁን። ያልቻልኩት መጽሐፉን ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ሬዲዮው ተበላሽቷል፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የታተመ ፊደል ብቻ ነበር። እሱም ሲሄድ በቃ፣ ሁለተኛ ጊዜ ባል የሞተብኝ ያህል ሆነ።

ስለዚህ አንድ ቀን ሞንታርቦ የጫነች መኪና በሰፈራችን እያለፈች የዓይን ሐኪሞች መምጣታቸውን፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ እንደሚቆዩ፣ የዓይን ሞራ ያለበት ሁሉ እንዲመጣ ስትጮህ፣ ዘይነባ ሱቋን ለእህቷ ልጅ ጥላ መጣች።

«ተነሺ አንቺ ሴትዮ። ዓይንሽን ልናወልቀው ነው።»

«ማውለቅ አይደለም፤ መግፈፍ ነው።»

«አስተማሪነትሽን እዚያው ትምህርት ቤቱ ተይው። ተነሺ!»

ሰኞ ዕለት ሄድን። ስሙን የማልጠራው ሕክምና ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ፣ አገሩ ሁሉ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ተሰልፏል። ከአዲስ አበባ የመጣች ደግ ሲስተር በባትሪ ዓይኔን አየችልኝ። «የቀኙ በስሏል» አለች።

«ቡና ነው እንዴ?» አለች ዘይነባ።

«በስሏል ማለት ለቀዶ ጥገና ደርሷል ማለት ነው። ማዘር፣ ግፊትና ስኳር ተለክተው፣ ከካርድ ክፍል ካርድዎን ይዘው ይምጡልኝ። ነገ እንሠራዎታለን።»

ነገ! ጌታቸው በሞተ በዓመት ከሦስት ወሩ «ነገ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጣፈጠኝ። ግፊቴ ደህና፣ ስኳሬ ደህና። ካርዴን ይዤ ስመለስ ግን ሲስተር ሽፋኑን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ካንሰር» ተብሎ ተጽፏል። ከውስጥ ያለው ከኮምፒውተር የወጣ አዲስ ወረቀትም ያንኑ ይላል።

«ማዘር፣ የካንሰር ታካሚ ነዎት?»

«ነበርኩ።»

«ካርዱ ነዎት ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ካንሰር ያለበትን ሰው ከሚያክመው ሐኪም ደብዳቤ ሳናገኝ አንነካም። ከሐኪምዎ አጽፈው ይምጡ።»

«ሐኪሜ አዲስ አበባ ነው ያለው። ቀጠሮ ለማግኘት ብቻ ወራት ይወስዳል። እናንተ ዓርብ ትሄዳላችሁ።»

«ወይ እዚሁ ካርዱን ያስተካክሉ። ካርዱ ከተስተካከለ እኔ ምን ቸገረኝ?»

ካርዱን ማስተካከል! ከስምንት ዓመት በፊት የተቆረጠ ጡት፣ ከሦስት ዓመት በፊት «ጨርሰሻል» የተባለ ሕክምና፤ የቀረው አንዲት ቃል ብቻ መሰለችኝ። የአማርኛ መምህርት ነኝና ቃል ማስተካከል የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው ብዬ በኩራት ወጣሁ። ሞኝ ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ደረቱን ነፍቶ ነው።

ማክሰኞ ወደ ካርድ ክፍል ስንሄድ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ምሕረት ሆና ተገኘች። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ በሰዋስው ከሃያ ዘጠኝ ነበር ያመጣችው።

«ውይ ቲቸር! ከስተዋል!» ብላ ተነሥታ ሳመችኝ።

«ምሕረትዬ፣ ይህ ወረቀት ካንሰር አለባት ይላል። ነበረባት ነው መባል ያለበት።»

ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስረዳችኝ። ኮምፒውተሩ የበሽታዎች ዝርዝር አለው፤ እያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው። በሽተኛ ሲመጣ የሐኪሙን ጽሑፍ አይታ ቁጥሩን ታስገባለች፤ በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ወደ ዞን ይላካል።

«ታዲያ ለነበረባት ቁጥር ስጪኛ።»

በዝርዝሩ ላይ ጣቷን ቁልቁል አስኬደች፤ ሽቅብ መለሰች። «ቲቸር፣ «ነበረባት» የሚባል በሽታ የለም።»

እኔ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ከሦስት ወር ታምሜዋለሁ። ባለቤትሽ የት ነው የሚሠራው ሲሉኝ «አሪቻ ነው» ብዬ፣ ከዚያ ደግሞ «ነበረ» ብዬ ማረም፤ ሁለት ስኒ አቅርቦ አንዱን መልሶ ማጠብ። ቁጥር ያጣ በሽታ ከሁሉም ይከፋል።

«እስቲ ያለፉትን ልይልዎት» አለችና ካርዴን ገልብጣ ትነግረኝ ጀመር። ጥርሴን አሞኝ የመጣሁ ዕለት፦ ካንሰር። ገበያ አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ የዞረ ዕለት፦ ካንሰር። ታይፎይድ፦ ካንሰር። አንድ ጊዜ ዘይነባን ለማጀብ መጥቼ ግፊቴን የተለካሁበት ቀን እንኳ፣ ካንሰር። ሽፋኑ ላይ ቀዩን ጽሑፍ ያየ ሁሉ ወደ ውስጥ መግባት ሳያስፈልገው ጽፎ ይሄዳል።

«በየጊዜው ተደምሬ ወደ ዞን ተልኬያለሁ ማለት ነው?»

«አዎ ቲቸር።» አንገቷን ደፋች። «እንደ አዲስ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አሥራ አንድ።»

ዘይነባ ከኋላዬ ሳቋን መያዝ አቃታት። «አሥራ አንድ ሰው ሆነሽ ነው አንድ ሻይ ማፍላት ያቃተሽ?»

በዚያን ሰሞን በከተማው፣ ካንሰር በዛ፣ ከውኃው ነው፣ ከዘይቱ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ለካ እኔ ነኝ። ጥርሴን ባመመኝ ቁጥር አገር ሲደነግጥ ኖሯል።

ምሕረት ግን እንደ ሰዋስው ውጤቷ አልነበረችም። ረቡዕ ጠዋት ወደ አንድ ወጣት ዶክተር አስገባችን። የአዲስ አበባ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አነበበ፣ መረመረኝ፣ «ማዘር፣ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ» አለና ሕመሙ የቀድሞ መሆኑን፣ ሕክምናው ማለቁን በእንግሊዝኛ ጻፈ። ምሕረትም ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የመጀመሪያው ዝርዝር ታላቅ ወንድም የሆነ ወፍራም ዝርዝር አምጥታ፣ «ቲቸር! ተገኘ! ለተፈወሰም ቁጥር አለው!» ብላ ጮኸች። ስታስገባው አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ባላነበውም የቁልፎቹ ድምፅ ደስ አለኝ። አሥራ አንዱ ሰው ወደ አንድ ተመለስን።

የቀረው የካርዱ ሽፋን ነበር። ሽፋን የሚቀይረው የመዝገብ ቤቱ ሰው አቶ በራሶ ነው። አዛውንት የጌዴኦ ሰው፣ ከዚያ ሕክምና ቤት ግድግዳ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው፣ አማርኛን በጎልማሳነቱ የተማረ ነው። በአንደበቱ ሴትና ወንድ የለም፤ ሁሉም «አንተ» ነው፣ ሁሉም «እሱ» ነው። ሚስቱን፣ ላሟን፣ ከንቲባውን በአንድ ዓይን የሚያይ ትክክለኛ ሰው ነው። ምሕረት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችለት፤ እየጻፈች አነበበችልን፦

«ካንሰር፣ ያለፈ። ሽፋኑ ይቀየር።»

ሰዋስዋ እንከን የለውም። ካንሰሩ ያለፈ፤ ወንድ ፆታ፤ ከስሙ ጋር ይስማማል። ሃያ ከሃያ እሰጣት ነበር። ወረቀቱን ከካርዱ ጋር በስቴፕለር መትታ በመስኮት አቀበለችው። ወዲያው መብራት ጠፋ። ነገ ጠዋት ኑ ተባልንና ሄድን።

ሐሙስ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሲስተር ዓርብ የተሠሩትን ሰዎች ዓይን ብቻ ከፍታ እንደምትሄድ፣ የመጨረሻው ቀዶ ጥገና ሐሙስ ከሰዓት እንደሆነ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ስሙ ያልተመዘገበ እንደማይገባ ነግራናለች። በሦስት ሰዓት መስኮቱ ላይ ቆምን። የካርድ ቁጥሬን ሰጠሁት።

አቶ በራሶ ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ ሰው የለም።»

«ካርዱ የለም ማለትህ ነው?»

«ካርዱ አለ። ሰውዬው ነው የለም። አልፏል።»

«ማን?»

«ይሄ ሴትዮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካንሰር ነው። ትናንትና ነው ወረቀቱ የመጣ። እግዜር ያጥናህ እማማ፤ ምንህ ነው?»

«አሜን፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ወድጄ አይደለም! ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ በየመንገዱ፣ በየገበያው «እግዜር ያጥናሽ» ስባል ኖሬ አንደበቴ ለምዷል። ቃሉን ሲሰማ እኔን ሳይጠይቅ ይመልሳል። አሜን ካልኩ በኋላ ነው ያዘንኩት፤ ለጥቂት ደቂቃ ለዚያች ሴትዮ ከልቤ አዘንኩ። ቀጥሎ ማን እንደሆነች ገባኝ።

«አቶ በራሶ፣ ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

አየኝ። ዘይነባን አየ። ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትንቀጠቀጣለች፤ እሱ የምታለቅስ መሰለው።

«እህትህ ነው?» አለኝ በኀዘኔታ።

«እኔ ራሴ ነኝ እያልኩህ! አልሞትኩም!»

ብጣሿን ወረቀት ከኪሱ አወጣና ፊደል በፊደል አነበበልኝ። «ካንሰር። ያለፈ። ሽፋኑ ይቀየር። ያለፈ ሰው ሽፋኑ ጥቁር መስመር ነው። ቀየርኩ። ወደ ያለፉት ክፍል አስገባሁ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

እንግዲህ እዚያ መስኮት ላይ፣ ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፎ፣ የመጨረሻ ትምህርቴን ሰጠሁ። «ያለፈ» የሚለው ቃል ካንሰሩን እንጂ እኔን አይመለከትም፤ እኔን ቢመለከት ኖሮ «ያለፈች» ይል ነበር፤ ፆታው ይለያል፤ አየህ፣ ለሴት ይህ፣ ለወንድ ያ። አቶ በራሶ በትዕግሥት ሰማኝ። ሰልፈኛውም ሰማኝ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ ለአንተ ልዩነት አለው። እኔ ጋ ግን ያለፈም ያለፈችም አንድ መደርደሪያ ነው።»

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ የሰጠኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ካርድ ከ«ያለፉት» ክፍል የሚወጣው የሟች ቤተሰብ ፎርም ሲሞላ ብቻ ነው። ፎርሙን ዘይነባ አነበበችልኝ። የጠያቂው ስም፤ ስሜን ጻፍኩ። የሟች ስም፤ ስሜን ደገምኩ። ከሟች ጋር ያለው ዝምድና።

«ጓደኛሞች ነን በይ» አለች ዘይነባ።

እውነቱን ለመናገር ከራሴ ጋር ያን ያህል ጓደኛሞች አይደለንም። አሰብኩና «አብሮ አደግ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። አቶ በራሶ ፎርሙን አየና አልተቃወመም። ቁልፉን ይዞ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደ። ሲመለስ ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። በእጁ ሁለት ካርድ፣ በአንድ ሲባጎ ተጠፍንጎ ይዟል።

«ሁለቱ ምንድን ነው?»

«ያለፉትን በቤት ነው የማስረው። ባልና ሚስት አብሮ። አቶ ጌታቸው የሚል የአንተ ነው አይደል? ብቻውን ነበር፤ ትናንት አገናኘሁት።»

ሲባጎውን ልፈታ ሞከርኩ። በጥርሴም በጥፍሬም አልሆነም፤ የጌዴኦ ሰው እንሰት አስሮ ያደገበት ቋጠሮ ነው። «አብረህ ውሰድ፣ ነገ መልስ» አለኝ። ምሕረት እየሮጠች መጥታ የላዩን ካርድ ጥቁር መስመር ያለበትን ሽፋን ቀደደችና በአዲስ ሽፋን ላይ «ሕክምናዋን ጨርሳለች» ብላ በሰማያዊ ጻፈች። «ይቅርታ ቲቸር፣ ይቅርታ ቲቸር» ትላለች። ሰዋስውሽ ትክክል ነበር አልኳት። ከዚያ እኔና ዘይነባ፣ ሁለት ሴቶች በአንዳችን ዓይን እየተመራን፣ ግቢውን በሩጫ አቋረጥን።

የመጨረሻዋ ተመዝጋቢ እኔ ነበርኩ። ሲስተር የታሰሩትን ካርዶች ስትገልጥ መጀመሪያ የተከፈተላት የታችኛው ሆነና «አቶ ጌታቸው ማነው?» ብላ ጠራች። «አይመጣም» አለቻት ዘይነባ።

ዓይኔን ሠሩት። ስለዚያ ብዙ የምለው የለም፤ ሰው ዓይኑን ሲሠሩት አያይም።

ዓርብ ጠዋት ፋሻ የታሰርን ሁሉ ግድግዳ ተደግፈን በረጅም አግዳሚ ላይ ተደረደርን። ሲስተር ከወዲያ ጫፍ ጀምራ እየፈታች መጣች። ፋሻ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው ይጮኻል። አንዱ ሽማግሌ የልጃቸውን ፊት አይተው «አረጀህ እኮ!» ብለው አለቀሱ። ከቆጨሬ የመጡ አሮጊት ለእያንዳንዱ እልል ይላሉ። ተራዬ ደረሰ። ብርሃኑ እንደ ውኃ ፈሰሰብኝ። የሲስተር ፊት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ የዘይነባ ሽበት ከሻሿ ሥር እንደ ወጣ አየሁ። ዓለም ለካ ጠርዝ ነበረው።

«ስንት ነው ጣቴ?»

«ሦስት።»

«ማንበብ ይችሉ ነበር አይደል ማዘር? የሚነበብ ነገር ይዘዋል?»

ጭኔ ላይ ለአቶ በራሶ የምመልሰው እሥር ነበር። የላዩ ካርድ የእኔ ነው፤ ስለ ራሴ ማንበብ ስልችት ብሎኝ የታችኛውን ገለጥኩ። ጌታቸው ሕክምና ቤት የሚሄድ ሰው ስላልነበረ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው። ባዶ አልነበረም። የሐኪሞች እንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ሞልቶ፣ ከሥሩ የማውቀው የእጅ ጽሑፍ አለ፤ ያ የተጣመመ «ለ»፣ ያ እግሩ የረዘመ «ች»። ጽሑፉን ሳየው ደስ አለኝና ምን እንደሚል ሳላስብ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ለልቤ ሕመም በአስቸኳይ ወደ ሐዋሳ እንድሄድ ሪፈር ተጽፎልኛል። ነገር ግን ባለቤቴ የካንሰር ሕመምተኛ ስለሆነች፣ ከእኔም በቀር አስታማሚ…»

ቆምኩ።

«እዚያ ላይ ደበዘዘብዎት?» አለች ሲስተር።

«አልደበዘዘም።»

«እንግዲያው ይጨርሱታ።»

«…ከእኔም በቀር አስታማሚ ስለሌላት ትቻት መሄድ አልችልም። ኃላፊነቱን ራሴ እወስዳለሁ።» ፊርማ። ቀኑ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው።

«በጣም ጥሩ! አንድም አልሳቱም!» አለች ሲስተር። የቆጨሬዋ አሮጊት እልልታውን አቀለጡት። አግዳሚው ሁሉ አጨበጨበልኝ። ዘይነባ ብቻ አላጨበጨበችም።

አንባቢዬ፣ ምሕረት ላይ አልፈርድም፤ ቀዩን እስክርቢቶም አልረግምም። እነሱ ካርዱን እንጂ ቤቴን አልጻፉም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያለው ሐኪም «ጨርሰሻል፤ ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ለሰላምታ ብቅ በይ» ብሎኝ፣ ዲላ ተመልሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ጌታቸው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ «ምን አሉሽ?» አለኝ። «ክትትሉ አይቋረጥም አሉኝ» አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ዓርብ ማታ ከአሪቻ እየሮጠ የሚመጣ ሰው፣ ሚስቱ መዳኗን ከሰማ ቅዳሜ ሊመጣ ይችላል ብዬ ፈራሁ። የሚያመጣልኝ ሻይ፣ ትከሻዬ ላይ የሚደርበው ጋቢ፣ «ተኚ፣ እኔ እሠራዋለሁ» የሚለው ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ፣ ለፋሲካ እነግረዋለሁ እያልኩ እስኪሞት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ታመምኩ። እሱም አመነኝ፤ አምኖም ፈረመ።

«ሲስተር» አልኩ፣ «ይህን ፋሻ መልሰሽ ብታስሪልኝ?»

«አመመዎት?»

«የለም። ለዛሬ ብቻ።»

«አይሆንም ማዘር፤ ከተከፈተ በኋላ አይሸፈንም። ጠብታውን በየሰዓቱ እያደረጉ ማየት ነው እንግዲህ።» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

እሥሩን ለአቶ በራሶ በመስኮቱ መለስኩ። የላዩን አውጥቶ ወደ ሕያዋን መደርደሪያ ወሰደ፤ የታችኛውን ለብቻው መልሶ አሠረው። እሱም ከኔ አንድ ቃል አልጠየቀ፣ እኔም አላረምኩት። ከግቢው ስንወጣ ዘይነባ እንደ ሰሞኑ ክንዴን ያዘች፤ ጠበቅ አድርጋ ነው የያዘችኝ።

«ልቀቂኝ ዘይነባ» አልኳት። «ድኛለሁ።»

አየችኝ። እጇን አነሣች። ሱቋ ሳምንቱን ሙሉ በልጅ እጅ ሰንብቷል፤ «እንግዲያው ልሂድ» አለችና ቀድማኝ በፍጥነት ወረደች። እኔ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ ብቻዬን ያዝኩ። ጠጠሩ ሳይቀር ይታየኝ ነበር።